ፍሪሲዮን በግቢህ ልትቀይር ከሆነ

ልጄ፣ የዲኤክስህን ፍሪሲዮን ራስህ ልትቀይር ማሰብህን ሰምቻለሁ። ተው አልልህም። ሞተሩ በቁመት የተቀመጠና የኋላ ጎማው የሚነዳ መኪና፣ ዲኤክስም ሆነ ላዳ፣ ካምቢዮው ወደ ኋላ ተስቦ ስለሚወርድ በግቢ ይሠራል። ቪትዝ ቢሆን ኖሮ ጋራዥ ውሰደው እልህ ነበር።

መጀመሪያ ያለቀው ፍሪሲዮኑ መሆኑን አረጋግጥ። ሜዳ ላይ ቆመህ የእጅ ፍሬን ያዝ፤ ሦስተኛ ማርሽ አስገባና ፔዳሉን ቀስ እያልክ ልቀቅ። ደህና ከሆነ ሞተሩ ይጠፋል። እየሠራ ከቀጠለ ሸራው እየተንሸራተተ ነው። ያኔም ቢሆን ፔዳሉ ሲረገጥ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ልል መሆኑን እይ፤ ገመዱ ከልክ በላይ ከተወጠረ አዲስ ሸራም ይንሸራተታል። ችግርህ ማርሽ አልገባ ማለቱ ብቻ ከሆነ ደግሞ ካምቢዮ ከማውረድህ በፊት ገመዱን ወይም የፍሪሲዮኑን ዘይት መርምር።

ስለ ክሪክ አጥብቄ ልንገርህ። ክሪክ ለማንሳት እንጂ ለመደገፍ አልተሠራም። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ጭንቅላትህን አታስገባ። ብሎኬት ደርድሬበታለሁ ብትለኝም አልሰማህም፤ ብሎኬት የሚፈርሰው ሳያስጠነቅቅ ነው። አራት የብረት መቆሚያ ከሰፈር ጋራዥ ተዋስ።

የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀል፣ የካምቢዮውን ዘይት አፍስስ። ወደ ኋላ የሚሄደውን ረጅም ዘንግ ከመፍታትህ በፊት መጋጠሚያውን በሁለቱም በኩል በቀለም ምልክት አድርግበት፤ እንደነበረው ካልተመለሰ መኪናው ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ሞተሪኖውንና የማርሹን ዘንግ ካወጣህ በኋላ ለካምቢዮው ሰው ጥራ። ክብደቱ ለአንድ ሰው አይሆንም፤ በሸራው ላይ ከተንጠለጠለም መሐሉን ያጣምመዋል።

የፍሪሲዮኑን አቧራ በአፍህም በኮምፕሬሰርም አትንፋ። በአሮጌ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ።

አሁን የምትፈተንበት ቦታ ደረስክ። «ሸራውን ብቻ ልቀይርና ልዝጋ» የሚል ሐሳብ ይመጣብሃል። አትስማው። የሚያደክመው መክፈቱ ነው፤ ዛሬ ኩሽኔታውን ቆጥበህ ከሦስት ወር በኋላ ጩኸቱን ስትሰማ ያንኑ ካምቢዮ እንደገና ልታወርድ ነው። ሸራውን፣ ፕሬዠር ፕሌቱንና ኩሽኔታውን አብረህ ቀይር። ቮላኖው በሙቀት ሰማያዊ ነጠብጣብ ካወጣ ወይም ከተሰነጣጠቀ ቶርኖ ቤት ያሳየው። ከሞተሩ ጀርባ ዘይት ካየህም የዘይት መከላከያ ጎማውን አብረህ ቀይር፤ ዘይት የነካው ሸራ ዕድሜ የለውም። መለዋወጫ ልትገዛ ስትወርድ አሮጌውን ሸራ ይዘህ ሂድ፤ የመሐሉን ጥርሶች ቁጠር፣ ስፋቱንም ለካ። «ይሄው ነው፣ ይገባል» ለሚልህ ነጋዴ መልስህ ይህ ቆጠራና ልኬት ይሁን።

ስትገጥም የሸራው ስፕሪንግ ያበጠበት ጎን ወደ ካምቢዮው ይሁን። ሸራውን በትክክል መሐል ካላስያዝከው ካምቢዮው አይገባልህም፤ ማስያዣው ከሌለህ ከእንጨት አስጠርብ። የፕሬዠር ፕሌቱን ቡሎኖች በየተራ፣ ፊት ለፊት ያለውን እያፈራረቅህ ጥቂት ጥቂት አጥብቅ። ካምቢዮው የጣት ውፍረት የምታህል ክፍተት አልዘጋ ቢልህ በቡሎን ስበህ አታስገባው፤ ቤቱን ትሰነጥቀዋለህ። የካምቢዮውን ዘንግ ትንሽ አዙረህ እንደገና ግፋው።

ወጥተህ ስትነዳ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ረጋ ብለህ ንዳ። አቀበት ላይ ስትቆም መኪናውን በእጅ ፍሬን እንጂ በፍሪሲዮን አትያዘው። መብራት ላይም ማርሹን አውጥተህ እግርህን ከፔዳሉ አንሳ፤ የፊተኛውን ሸራ የበላው መኪናውን በፍሪሲዮን የመያዝ ልማድህ ከሆነ አዲሱንም ይበላዋል።