ለምለሙ ቅርንጫፍ



በአትክልት ቦታ ለጌጥ ከሚተከሉት ሐረጎች አንዱ አይቪ ነው። ከዝርያዎቹም መካከል በጣሊያን አገር፣ በጄኖቫ አጠገብ በምትገኘው በቦልያስኮ ስም የሚጠራው «ኦሮ ዲ ቦልያስኮ»፣ ማለትም የቦልያስኮ ወርቅ ይገኛል። የቅጠሉ ዳር አረንጓዴ፣ መካከሉ ግን ወርቃማ ስለሆነ በእንግሊዝኛ «ጎልድሃርት»፣ ወርቃማ ልብ ይሉታል።

ይህ ሐረግ በግንዱ ላይ በሚያወጣቸው ጥቃቅን ሥሮች እየተጣበቀ ግድግዳ ይወጣል። ውኃውን የሚስበው ግን በመሬት ውስጥ ባሉት ሥሮቹ ነው፤ ስለዚህ በተተከለበት ዓመት ውኃ ሊጓደልበት አይገባም። ጥላን ቢችልም ወርቁ የሚደምቀው በቂ ብርሃን ሲያገኝ ነው። የሚባዛውም በዘር ሳይሆን ከግንዱ በሚወሰድ ቁራጭ ነው፤ ከዘር የበቀለው የእናቱን መልክ አይጠብቅምና።

አትክልተኛው ነቅቶ የሚጠብቀው አንድ ነገር አለ። አልፎ አልፎ ከዚሁ ግንድ ወርቅ የሌለበት፣ ቅጠሉ በሙሉ አረንጓዴ የሆነ ቅርንጫፍ ይወጣል። ይህ ቅርንጫፍ አልታመመም፤ ተባይም አልነካውም። እንዲያውም ከሌሎቹ ይልቅ ብርቱ ነው። ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጀው በአረንጓዴው ቀለም በመሆኑ፣ ሙሉ አረንጓዴው ፈጥኖ ያድጋል፤ ዝም ከተባለም ወርቃማውን ሸፍኖ ቦታውን ይወርሳል። ስለዚህ ገና ለጋ ሳለ፣ ጫፉ ብቻ ሳይሆን ከበቀለበት ከሥሩ ይቆረጣል።

ወንድሞችና እኅቶች፤ የደረቀውን ቅርንጫፍ ማንም ያውቀዋል። የሚያታልለን ለምለሙ ነው። የቁምስናው ኮሚቴ ሳያቋርጥ ይሰበሰባል፤ አጥሩ ይታጠራል፤ መምህሩ ከክፍል ወደ ክፍል ይሮጣል። ነገር ግን ጸሎቱ ተረስቷል፤ በሽተኛው ሳይጠየቅ ወራት አልፈዋል፤ የተጣሉትም ሳይታረቁ ወደ ቅዱስ ቁርባን ይቀርባሉ። ሁሉም ያድጋል፤ ወርቁ ግን የለም። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 2 ጌታ የኤፌሶንን ቤተ ክርስቲያን ስለ ሥራዋ፣ ስለ ድካሟና ስለ ትዕግሥቷ ካመሰገነ በኋላ የወቀሳት የመጀመሪያ ፍቅሯን በመተዋ ነበር።

እንግዲህ ማታ ኅሊናችንን ስንመረምር «ዛሬ ምን ያህል ሠራሁ?» ብለን አናቁም፤ «በሠራሁት ውስጥ ፍቅር ነበረበትን?» ብለን እንጠይቅ። ከብዙ ስብሰባዎች አንዱ ቀርቶ በዚያ ሰዓት አንድ በሽተኛ ቢጠየቅ፣ ቁምስናው አይጎድልበትም። ሥራችንንም በቅዱስ ቁርባን ፊት፣ በብርሃኑ እናቅርበው።

መልካሙ አትክልተኛ ከእኛ ሊቆረጥ የሚገባውን ለይተን እንድናውቅ ጥበቡን፣ እንድንቆርጠውም ብርታቱን ይስጠን። አሜን።