ስለ ቅድመ ዕውቀትና ስለ አናጺ መሥመር

ፈጣሪ የሚሆነውን ሁሉ አስቀድሞ የሚያውቅ ከሆነ የሰው ግዕዛን በምን ላይ ይቆማል የሚለው ጥያቄ፥ ከሊቃውንት ጉባኤ አንሥቶ እስከ ልቅሶ ቤት ድረስ ያላንኳኳው ደጅ የለም። ሊቃውንቱ በረቀቀ ቃል ሲመረምሩት ኖረዋል፤ ሕዝቡ ግን አጭር መልስ አበጅቶለት፥ ሰው ሲሞት፥ ሀብት ሲጠፋ፥ ትዳር ሲፈርስ «የተጻፈለት ነው» ብሎ ያልፋል። ይህ ቃል ኀዘንተኛን ለማጽናናት ሲነገር ከፍቅር የወጣ ነውና አልነቅፈውም። ነገር ግን የታመመ ልጁን በጊዜው ወደ ሐኪም ሳያደርስ የቀረ አባት፥ ወይም የድኻ አደራ ተቀብሎ በቸልታ ያጠፋ ሹም ከዚሁ ቃል ጥላ ሥር ሲሸሸግ፥ አስቀድሞ የተጻፈውና በእጅ የተሠራው አንድ እንዳልሆኑ የሚመሰክር ማስረጃ መፈለግ ግድ ይላል። እኔ ይህን ማስረጃ ያገኘሁት የእንጨት ቤት ከሚሠሩ አናጺዎች ዘንድ ነው።

በሰሜን አሜሪካ አብዛኛው መኖሪያ ቤት የሚቆመው በእንጨት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1830ዎቹ ጀምሮ በሺካጎ ከተማ አካባቢ እየተስፋፋ የሄደው አሠራር፥ ቀድሞ በወፋፍራም ምሰሶና እርስ በርሱ በተሰካካ መጋጠሚያ ይሠራ የነበረውን ቤት በቀጫጭን ጠርብና በሚስማር ተካው። መጀመሪያ ጠርቦቹ ከመሠረት እስከ ጣራ ሁለቱን ፎቅ አልፈው ይወጡ ነበር፤ በኋላ ግን የእያንዳንዱ ደርብ ወለል አስቀድሞ እንዲነጠፍ፥ የዚያ ደርብ ግድግዳም በወለሉ ላይ ተሠርቶ እንዲነሣ ተደረገ። ስለዚህ አናጺው ገና አንድም ግድግዳ ባልቆመበት ሜዳ በሚመስል ወለል ላይ ቆሞ ቤቱን በሙሉ በመሥመር ይጽፈዋል፤ የእኛ ቁም ጸሐፊ አንዲት ፊደል ሳያሳርፍ ብራናውን በወስፌ እንደሚያሰምር ማለት ነው። በቀለም ዱቄት የተነከረ ስፓጎ ከጥግ እስከ ጥግ ይወጥርና አንሥቶ ይለቀዋል፤ ገመዱ የመታበት ቦታ ሁሉ ቀጥ ያለ መሥመር ይታተማል። ፊት ለፊት የሚተያዩት ጎኖች እኩል መሆናቸውን ካረጋገጠ በኋላ፥ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ሁለት ጊዜ ይለካል፤ ሁለቱ ልኬቶች እኩል ከሆኑ ቤቱ ልክ ነው፥ ካልሆኑም ጠማማነቱ ገና በዱቄት ሳለ ይታረማል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሥራ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚይዘው ነው። እያንዳንዱ ግድግዳ ሁለት አግዳሚዎች አሉት፤ አንዱ ከወለሉ ጋር የሚቸነከር የታችኛው፥ ሁለተኛው በቋሚዎቹ ራስ ላይ የሚጋደም የላይኛው ነው። አናጺው እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን አጣብቆ ያስተኛቸውና ስኳድራውን በሁለቱም ላይ አሳልፎ በአንድ የእርሳስ ጭረት ያሰምርባቸዋል። ከአንዱ ቋሚ መካከል እስከ ሁለተኛው ቋሚ መካከል 16 ኢንች ነው፤ ግድግዳውን የሚያለብሰው 96 ኢንች ርዝመት ያለው ሰሌዳ በዚህ ልክ ስድስት እኩል ቦታ ይከፈላልና። የሰሌዳው ጫፍ በቋሚው መካከል እንዲያርፍ የመጀመሪያው ጭረት ከ16 ኢንች ሦስት ሩብ ኢንች ወደ ኋላ ተስቦ በ15 ኢንች ከሩብ ላይ ይሰመራል፤ ቋሚው አንድ ኢንች ተኩል ውፍረት አለውና። መሥመሩም ብቻውን አይበቃም፤ ቋሚው ከመሥመሩ በየትኛው ወገን እንደሚቆም የኤክስ ምልክት ይደረግበታል። በዚያ አገር የሚኖር የእኛ ሰው ሥዕለ ማርያምን ለመስቀል ሚስማርና መዶሻ ይዞ ግድግዳውን በጣቱ እየመታ ድምፁን ሲያዳምጥ፥ የማያውቀው ሰው ከብዙ ዘመን በፊት ያኖረውን ያን ምልክት መፈለጉ ነው።

እንግዲህ አንድ ጭረት የተካፈሉት ሁለቱ አግዳሚዎች ይለያያሉ፤ አንዱ በታች ይቀራል፥ ሁለተኛው ስምንት ጫማ ያህል ወደ ላይ ይወጣል። ከተለያዩ በኋላ የሚስማሙት አንዱ ሌላውን እያየ ስለሚከተል አይደለም፤ ሳይለያዩ በፊት አንድ ልክ ስለ ተቀበሉ ነው። በታች ምልክት አለ፥ በላይም ምልክት አለ፤ በመካከላቸው ግን ምንም የለም። ያ ባዶ ቦታ ጠርቡ ተመርጦ፥ ተቆርጦ፥ ተሸክሞ መጥቶ እስኪቸነከር ድረስ ባዶ ሆኖ ይኖራል፤ ምልክቱ ሺህ ዓመት ቢቆይ አንዲት ክንድ እንጨት ከመሬት አያነሣም። የሰው ግዕዛን የሚሠራው በዚህ ስፍራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጠርቡም የራሱ ጠባይ አለው። ፍጹም ቀጥ ያለ እንጨት ጥቂት ነውና፥ ብልህ አናጺ እያንዳንዱን ወደ ዓይኑ አቅርቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመለከተዋል፤ የጎበጠበትን ወገን ለይቶ ሁሉንም ወደ አንድ ፊት ያቆማቸዋል፥ እጅግ የጠመመውንም ቆርጦ ለአጭር ሥራ ያውለዋል። ይህን ማስተዋል ምልክቱ አይሰጠውም፤ ከአናጺው ኅሊና የሚጠየቅ ነው። ግድግዳው ተጣሞ ቢገኝም ባለቤቱ የሚወቅሰው ሠራተኛውን ነው፤ ሠራተኛውም «ተሰምሮልኝ ነበር» ቢል ቃሉ ራሱ ይፈርድበታል እንጂ ነጻ አያወጣውም።

በዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የአናጺው መሥመር ትእዛዝ እንጂ ዕውቀት አይደለም፤ ይሳሳታል፥ ይፋቃል፥ ቤቱም ሳይሠራ ሊቀር ይችላል፤ የልዑል ዕውቀት ግን ስሕተት የለበትም፥ ሊሆን ያለውን ያውቃልና። ይህ እውነት ነው፤ አምላክ እንዴት እንደሚያውቅ በእርሳስ ጭረት ሊገለጽ አይቻልም፥ እኔም ይህን አልደፍርም። የምለው ከዚህ ያነሰ ነው፤ አስቀድሞ መታወቅ በራሱ እጅ የለውም፥ ሥራውን የሚያደርገው ሰው ነው። ሰው ነገ የሚሠራውን አምላክ የሚያውቀው ሰውየው ስለሚሠራው ነው እንጂ፥ ሰውየው የሚሠራው ስለ ታወቀበት አይደለም።

በመጽሐፍም ቢሆን ልክ አስቀድሞ የሚሰጠው ለማስገደድ አይደለም። ሕዝቅኤል በተማረኩ በ25ኛው ዓመት፥ ከተማይቱ በተመታች በ14ኛው ዓመት፥ የተልባ እግር ገመድና የመለኪያ ዘንግ የያዘ ሰው በራእይ አየ፤ ዘንጉ ስድስት ክንድ ነበረ፥ እያንዳንዱም ክንድ ከተለመደው በአንድ ጋት ይበልጥ ነበር። ያ ሰው በሩን፥ መድረኩን፥ ጓዳውን፥ ቅጥሩን እያለፈ ለካ፤ በዚያን ጊዜ ግን ቤተ መቅደሱ ተቃጥሎ ፈርሷል። ነቢዩ ይህን ልክ ለሕዝቡ እንዲነግር የታዘዘው ስለ ኃጢአታቸው እንዲያፍሩ ነው። የሚለካበት ልክ የሌለው ሰው አያፍርም፤ ሊያደርገው ያልቻለውን ሳያደርግ የቀረ ሰውም አያፍርም።

ከምርኮ የተመለሱት ሰዎች በዳርዮስ መንግሥት በስድስተኛው ዓመት የፈጸሙት ቤት በሕዝቅኤል ልክ የተሠራ አልነበረም። ከዚያም አስቀድሞ መሠረቱን ጥለው ብዙ ዓመት ዘግይተዋል፤ ሐጌ በመካከላቸው በተነሣ ጊዜ ያገኛቸው በእንጨት በተለበጠ ቤት ተቀምጠው፥ የእግዚአብሔርን ቤት ለመሥራት ጊዜው ገና አልደረሰም ሲሉ ነበር። ነቢዩም ስለ ዘመንና ስለ ዕጣ ከእነርሱ ጋር አልተከራከረም፤ ወደ ተራራው ወጥተው እንጨት እንዲያመጡ አዘዛቸው።