አደራ የተጣለበት ካምቢዮ

ደብረ ኤልያስ ላለ አሮጌ አይሱዙ ያገለገለ ካምቢዮ የምናስመጣው ከመርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ ነው። ዘይቱ ይደፋል፤ ቀዳዳው በጨርቅ ይወተፋል፤ ከዚያ በማዳበሪያ ተጠቅልሎና በገመድ ተጠፍሮ እህል ሊጭን ባዶውን ወደ ጎጃም በሚመጣ መኪና ላይ ይወጣል። እኔ መካኒኩ ሾፌሩን አይቼው አላውቅም። በስልክ ኪራይ ተስማምተን «አደራህን» እለዋለሁ፤ በቃ።

ታዲያ ዓባይ በረሃ ቁልቁለቱ ላይ ገመዱ ተበጥሶ ካምቢዮው ቢሰነጠቅ ዕዳው የማን ነው?

ፍትሐ ነገሥትም ሆነ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ አደራ ደንግገዋል። እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ የኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ነው። በአደራ የተሰጠ እንስሳ ማንም ሳያይ ቢሞት ወይም ቢሰበር ጠባቂው በእግዚአብሔር ፊት ይምላል፤ አይከፍልም። ከእጁ ከተሰረቀ ግን ይከፍላል። እንደሚገባኝ፣ ስብራት ከሰው አቅም በላይ ሊሆን ይችላል፤ ሌባን ግን የነቃ ጠባቂ ያግደዋል። ፈጣሪ የሚመረምረው ትጋታችንን ነው።

ትጋቱ ደግሞ ላኪውንም ይመለከታል። ክብደቱን አሳንሶ ነግሮ፣ በላላ ገመድ አስጭኖ፣ ዕቃው ሲሰበር ሾፌሩን ማስማል ግፍ ነው፤ በሐሰት ከመማል አይተናነስም።

ዕቃ የምትልኩ ወንድሞቼ፣ ክብደቱን በእውነት ተናገሩ፤ ማሰሪያውን የምታምኑት ሰው ይፈትሽላችሁ፤ ሾፌሩ ሲደርስም ኪራዩን ሳታጉላሉ ክፈሉት።