የማይታመን ምስክር ዋጋ ማን ይክፈል?

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ በስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን፣ ከሞጆና ከአዳማ እስከ መቂ፣ ባቱና መተሐራ፣ ትኩሳት የማይገባበት ቤት ጥቂት ነው። የቀን ሠራተኛው ራሱን ታሞ፣ ወገቡን ይዞ በአቅራቢያው ወዳለው ክሊኒክ ይሄዳል። ካርድ ያወጣል፤ ወረቀት ይሰጠዋል። በወረቀቷ ላይ ደም፣ ሽንት፣ ዓይነ ምድር፣ ወባ፣ ታይፎይድ፣ ታይፈስ ሁሉም ምልክት ተደርጎባቸዋል። ላቦራቶሪውን ከፍሎ ሲወጣ የተረፈው ገንዘብ ለመድኃኒቱ አይበቃም። ውጤቱም ብዙ ጊዜ የታወቀ ነው፦ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ።»

ውድ አንባብያን፣ ለመሆኑ ከእነዚህ ምርመራዎች የትኛው ለበሽተኛው ይገባዋል? የትኛውስ ያለ ሐቅ ከኪሱ የወጣ ነው? ነገሩ የሐኪሞች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ የሰው ገንዘብ የሚነካበት ነገር ሁሉ የሐላልና የሐራም ጥያቄ አለበት።

ምርመራ ምስክር ነው። ቃዲ ምስክር የሚጠራው ምስክሩ የሚታመን፣ ቃሉም ፍርዱን ሊለውጥ የሚችል ሲሆን ነው። የወባ ምርመራ እንዲህ ያለ ምስክር ነው። ከጣት ጫፍ የተወሰደች ጠብታ ደም በማይክሮስኮፕ ትታያለች፤ በፈጣኑ መመርመሪያም ከሩብ ሰዓት በኋላ ውጤቱ ይታወቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ወባ የተጠረጠረ ሰው ሁሉ ከመታከሙ በፊት እንዲመረመር መክሯል። «የለም» የሚለው ውጤት እንኳ የማያስፈልግ መድኃኒት ከመዋጥ ያድናል። ስለዚህ «ምንም ሳይገኝብኝ ገንዘቤ ቀለጠ» የሚለው ሰው ተሳስቷል።

የታይፎይዱ ግን ሌላ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናንድ ዊዳል በ1896 እ.ኤ.አ. ያወጣውና በስሙ የሚጠራው ምርመራ ጀርሙን ራሱን አያይም፤ ሰውነት ጀርሙን ለመዋጋት ያዘጋጀውን መከላከያ ነው የሚፈልገው። ይህ መከላከያ ካለፈ ሕመም ተርፎ ለወራት በደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ ወባም ሆነ ሌላ ትኩሳት ውጤቱን ሊያሳስተው ይችላል። በሽታው በተለመደበት አገር አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ «አለ» ቢል የዛሬውን ከአምናው አይለይም። በ1916 እ.ኤ.አ. የወጣው የታይፈሱ ዌል ፌሊክስ ደግሞ ይብሳል። የሚሠራው በታይፈስ ጀርም ሳይሆን በሰውነት ዘንድ እሱን በሚመስል ሌላ ጀርም ነው። ተከሳሹን ሳይሆን መልከ ተመሳሳዩን ያየ ምስክር በሉት። በሐዲስ ትምህርት ዘጋቢው ደግ ሰው መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ትውስታው ከተምታታ ዘገባው ለብቻው ማስረጃ አይሆንም። በሰው ደምና ገንዘብ ላይ ታዲያ ለምን እንላላለን? ለታይፎይድ የተሻለው ምስክር ከደም ላይ ጀርሙን አብቅሎ ማየት ነው፤ እሱ ግን ቀናትና የተደራጀ ላቦራቶሪ ስለሚፈልግ በየክሊኒኩ አይገኝም። የሚታመነው ስለጠፋ የማይታመነውን መቀበል ፍርድ አይባልም። በዚያ ቃል ሲፕሮ ይታዘዛል፤ ጀርሞች መድኃኒቱን ይለምዱታል፤ እውነተኛው ሕመም፣ ምናልባትም የሳንባ ነቀርሳ፣ ተሸሽጎ ይከርማል።

በፊቅህ የግብይት ምዕራፍ «ሙስተርሲል» የሚባል ገዢ አለ። ዋጋውን የማያውቅ፣ መከራከር የማይችል፣ «አንተን አምኛለሁ» ብሎ ራሱን ለሻጩ ያስረከበ ሰው ነው። የሐንበሊ ዑለማ እንዲህ ያለው ገዢ ክፉኛ ከተጎዳ ውሉን የማፍረስ መብት አለው ብለዋል። ከበሽተኛ የበለጠ ሙስተርሲል ማን አለ? ጨርቅ የሚገዛ ሰው ቢያንስ ጨርቁን ዳስሶ ያያል።

ጥፋቱን ሁሉ በሐኪሙ ላይ መጫን ግን ሚዛን ማጉደል ነው። «ደሜን ሳያይ ክኒን ሰጠኝ» እያልን ሐኪሙን በየሰፈሩ የምናማው እኛው ነን። እሱም አንድ ነገር ቢያመልጠው ተጠያቂ መሆኑን ይፈራል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ለእሱ ፍርሃት የሚከፍለው ድሃው መሆን የለበትም።

«እኔ መድኅን አለኝ፣ ምን ቸገረኝ?» የሚልም አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲጀመር ሐሳቡ ጎረቤት ለጎረቤት እንዲደርስ ነበር። ያ ገንዘብ የመቂው ቲማቲም ለቃሚና የሌላው ገበሬ መዋጮ ነው፤ በአንዱ ከንቱ ምርመራ ያለቀው ለሌላው ምጥ የተያዘችበት ሊጎድል ይችላል። ከራስ ኪስ ይልቅ በአማና የተያዘ ገንዘብ ይበልጥ ያስፈራል።

የሚከብደኝ አንድ ነገር ነው። አሮጊት እናት «ደሜ ካልታየ» ብላ እንቅልፍ ብታጣ፣ ልቧን ለማሳረፍ ብቻ የሚደረግ ምርመራ አስፈላጊ ነው ወይስ አይደለም? ልብ ማረፉም ጥቅም ነው ቢሉ አልከራከርም። ዳሩ ግን በማይታመን ምስክር ያረፈ ልብ በዚያው ምስክር ይሸበራል፤ በሌላው ወር «እንደገና ተነሳብኝ» ትላለች። ሐኪሙ አጠገቧ ቁጭ ብሎ «እማማ፣ ይህ ምርመራ የሚነግረን ነገር የለም፤ ትኩሳቱ ካልበረደ ነገ ተመልሰው ይምጡ» ቢላት ይሻል ነበር። ይህን ለማለት ግን ጊዜ ያስፈልጋል፤ በሩ ላይ ደግሞ አርባ ሰው ተሰልፏል።