በኪሳችሁ እስረኛ ይዛችሁ ለምትዞሩ

ወገኖቼ፣ የደብረ ታቦርና የጋፋት፣ የፋርታና የእስቴ ሰዎች፣ ስልካችሁን ክፈቱ። እጁን የፊጥኝ የታሰረ፣ ጀርባው በግርፋት የተተለተለ ወጣት እዚያ ውስጥ አለ። ትናንት ማታ አያችሁት፣ «ወይኔ!» አላችሁ፣ ለሌላው ላካችሁት፣ ከዚያም ወደ ሠርግ ቪዲዮ አለፋችሁ። ከስድስቱ ቃላተ ወንጌል አንዱ የታሰረን መጠየቅ ነው፤ እናንተ ግን ስላያችሁት ብቻ የጠየቃችሁት መስሏችኋል።

ለመሆኑ ካሜራውን የያዘው ማን ነበር?

ቡሄን ባከበርንበት በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ ማቆያዎች የወጡትን ፎቶዎች አስታውሱ። ከየመን በጥይት ተባረው ድንበር የተሻገሩ ልጆቻችን በኮሮና ስም ጂዛንን በመሳሰሉ ቦታዎች ታጉረው ነበር። ሙቀቱ ልብሳቸውን አስወልቋቸው፣ እግር ማሳረፊያ በሌለው ወለል ላይ ተደራርበው ተኝተዋል። ፎቶውን ያነሡት ስልክ የደበቁት እስረኞች ራሳቸው ናቸው፤ የእንግሊዙ ሰንደይ ቴሌግራፍ ጋዜጣ አወጣው። ይህ አቤቱታ ነው። ሊታይም፣ ሊታወጅም ይገባል።

በሊቢያ የኩፍራውና የባኒ ዋሊዱ ምስል ግን ሌላ ነው። እዚያ ካሜራውን የያዘው አጋቹ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከኩፍራ እንደወጣው የአንዲት ልጃችን ምስል፣ አፏን ለጉሞ ያነሣታል፣ ለቤተሰቧ ይልካል፣ በዶላር ዋጋ ይጠራባታል። ፊቷን ሳትሸፍን ያሠራጨህ ሁሉ ለአጋቹ ያለ ደመወዝ ሠርተህለታል። «ለማስተማር ነው» አትበለኝ። ልጅቱ ነፃ ብትወጣ እንኳ ያ ምስል ቀድሟት ሰፈሯ ገብቶ ይጠብቃታል።

የአሳሪ ካሜራ የሚያደርሰውን ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብን እኛ ነን። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠሩ፤ አውሮፓውያንንም አሰሩ። እንግሊዞች እስረኞቻቸውን ሊያስፈቱ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲደርሱ ከመድፋቸው ጋር ካሜራ ይዘው ነበር። የራሳቸውን ሰው ፈትተው የእኛን ልጅ ይዘው ሄዱ። ደብረ ታቦር የተወለደው የቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ፣ አባቱም እናቱም በሞቱበት በዚያው ዓመት፣ በእንግሊዝ አገር በአይል ኦቭ ዋይት ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በተባለችው ዕውቅ ፎቶ አንሺ ፊት አስቀመጡት። በ18 ዓመቱ እዚያው አገር ሞተ። በ2015 ዓ.ም. አጽሙ ይመለስ ሲባልም የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እንቢ አለ። ያን ፎቶ ባየን ቁጥር አንጀታችን ይላወሳል፤ ይገባልም። ታዲያ ለዚያ ልጅ የሚያለቅስ ዓይን ከወረታ ጎንደር፣ ከጎንደር መተማ እያለ ሱዳን ገብቶ ለጠፋው ለጎረቤቱ ልጅ እንዴት ደረቀ?

ተመለሱ! ከሳዑዲ ተመልሰው ቦሌ በወረዱት ፊት ካሜራ የምትደቅን ልጄ፣ መጀመሪያ ፈቃዳቸውን ጠይቅ፤ እንቢ ያለህን አታንሣ። በታጋች ፎቶ የማስለቀቂያ ገንዘብ ሰብስበህ ከላዩ የቆነጠርክ ካለህ፣ ከእግዚአብሔር የተሰወረ ሣንቲም የለም። «የእገሌ ልጅ ቤት ሠራ» እያልክ ልጅህን ያሳደድክ አባት፣ ለምስሉ ከማልቀስህ በፊት ለቃልህ አልቅስ። ምስል የደረሳችሁ ቤተሰቦችም አትደምስሱት፣ ለአደባባይም አትስጡት፤ ከደላላው ስልክ ቁጥርና ከባንክ ደረሰኙ ጋር ለፖሊስ አስረክቡት። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ደላላን ያስቀጣል፤ ማስረጃው ግን ያለው በእናንተ እጅ ነው።

አንተም ደላላ፣ በስም የምናውቅህ፣ በሠርጋችንም በተዝካራችንም ከፊት የምትቀመጥ፣ የላክሃቸውን ልጆች ያሉበትን ቦታ ለወላጆቻቸው ተናገር። መሬቱን ሽጦ የከፈለህን ሽማግሌ ገንዘብ መልስ። ዘኬዎስ የነጠቀውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ቃል ገብቷል፤ አንተ ዋናውን እንኳ ሳትመልስ ወደ ንስሐ አባትህ አትቅረብ።