የሳይክሉ ተራ

ሰው የማይነዳውን ሳይክል ለምን ይገዛል? ጥያቄው ቀልድ ይመስላል፤ ግን ይሄን የሚያደርጉ ሰዎች ብዙ ናቸው። የ1980ዎቹንና የ1990ዎቹን ማውንቴን ባይክ እያደኑ ይገዛሉ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ያጥቡታል፣ ይወለውሉታል፣ የዛን ዘመን መለዋወጫ ከየትም ፈልገው ይገጥሙለታል። ከዛ ጋራዥ ውስጥ ይሰቅሉታል። በቃ። አብዛኞቹ አርባዎቹንና ሃምሳዎቹን የያዙ ሰዎች ናቸው። ለምን ብላችሁ ብትጠይቋቸው ከሁለት መልስ አንዱን ትሰማላችሁ፤ «አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ ይሄ ሳይክል ነበረኝ»፣ ወይም «አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ ይሄ ሳይክል አምሮኝ መግዣ አልነበረኝም»።

እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ጋራዤ ውስጥ ሦስት አሉ። ስለዚህ «እነዚህ ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው?» ብዬ ከሩቅ ልፈርድ አልችልም። የምጠይቀው ሌላ ነው። ትዝታ በዕቃ ይገዛል ወይ? ከተገዛስ፣ ያ ዕቃ ምን ግዴታ ይዞብን ይመጣል?

ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ከተማውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሜዳ ነው፣ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ሳይክል የሁሉም ሰው ነው። ተማሪውም ይነዳል፣ አስተማሪውም ይነዳል። እኛ ግን የራሳችን ስላልነበረን እንከራይ ነበር። አከራዩ በሰዓት ያስከፍላል፤ አምስት ሆነን ሳንቲም እናዋጣና አንዷን ሰዓት ለአምስት እንካፈላታለን። ለአንድ ሰው 12 ደቂቃ ማለት ነው። አንዱ ሲነዳ አራቱ ከኋላ ይሮጣሉ። ሰዓት የሚይዘው ሁልጊዜ ቀጣዩ ተረኛ ነው፤ ከሱ የተሻለ ደቂቃ የሚቆጥር ሰው የለማ! ሳይክሉ ባለ አንድ ማርሽ፣ ከባድ የቻይና ሳይክል ነው። ፍሬኑ ደስ ሲለው ይይዛል። በዓል ሲሆንና ሳንቲም ሲተርፈን ግማሽ ቀን ተከራይተን፣ የአባይን ድልድይ ተሻግረን ቤዛዊት ኮረብታ ላይ እንወጣለን። መውጣቱ መንዳት ሳይሆን መግፋት ነበር። ቁልቁለቱ ግን ሁሉንም ያስረሳል።

ማውንቴን ባይክን በቅርብ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። አገር የሚያቋርጡ ሁለት ፈረንጆች ሳይክላቸውን ጁስ ቤት በር ላይ አስደግፈው ገቡ። አምስታችንም ከበን ቆምን። ጎማው ወፍራም፣ ጥርሱ ትላልቅ። ማርሹን ቆጠርን፤ ከፊት ሦስት፣ ከኋላ ሰባት፣ 21 ማርሽ። ማንም አልነካውም። ሰዎቹ ጁሳቸውን ጠጥተው ሄዱ፤ እኛ ግን ሳምንቱን ሙሉ ስለሱ ስናወራ ከረምን። ቤዛዊትን ሳይወርዱ መውጣት ይቻላል ማለት ነው!

እስቲ ይሄን ልብ በሉ፤ ዛሬ ጋራዤ ውስጥ የተሰቀለው የነዳሁት ሳይክል አይደለም። ያየሁት ነው። የነዳሁትን የቻይና ሳይክል ማንም በነፃ ቢሰጠኝ የት እንደማስቀምጠው አላውቅም። ያላገኘሁትን ግን ገንዘብ ከፍዬ አመጣሁት። እዚህ አሜሪካ ያደጉት ሰብሳቢዎችም ብዙዎቹ እንደዛው ናቸው፤ የሚገዙት ያኔ መጽሔት ላይ እያዩ የተመኙትን ነው። ስለዚህ ናፍቆት የምንለው ነገር ወደ ኋላ ብቻ የሚያይ አይደለም። የሚናፍቀን ያኔ ወደፊት ይመጣል ብለን የጠበቅነው ነገርም ነው። መመኘቱ ራሱ ይናፍቃል። ችግሩ ደግሞ እዚህ ላይ ነው፤ የተመኙትን ዕቃ መግዛት ምኞቱን ይጨርሰዋል እንጂ አይመልሰውም።

በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የሚባል ወጣት በባዝል ከተማ ባቀረበው የሕክምና ጽሑፍ ለዚህ ስሜት ስም አወጣለት፤ ኖስታልጂያ። ሁለት የግሪክ ቃላትን ነው የገጠመው፤ ወደ ቤት መመለስና ሕመም። ለሱ ነገሩ የዘፈን ግጥም አልነበረም። ከአገራቸው የራቁ የስዊዝ ሰዎችን የሚያከሳ በሽታ ነበር፣ መድኃኒቱም ወደ አገር መመለስ። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን ፈላስፋው ኢማኑኤል ካንት በ1798 ባሳተመው መጽሐፍ መድኃኒቱን ተጠራጠረው። እነዚህ ሰዎች አገራቸው ሲገቡ ያሰቡትን አያገኙም አለ። ቦታው የተለወጠ ይመስላቸዋል፤ እውነቱ ግን የፈለጉት ቦታውን ሳይሆን ወጣትነታቸውን መሆኑ ነው። ወጣትነት ደግሞ ትኬት አይቆረጥለትም።

ይሄን ለመረዳት ፍልስፍና መማር አያስፈልግም፣ ዲያስፖራ መሆን ይበቃል። መንገዱ ሰላም ከሆነ ባሕር ዳር መድረስ ይቻላል። የጣና ዳር ዛፎችም አሉ። አሥራ ሁለቷ ደቂቃ ግን የለችም፣ ከኋላ የሚሮጡት አራቱም በአራት አገር ተበትነዋል። ሰብሳቢው ለዚህ ያገኘው መላ ብልጥ ይመስላል፤ ወደ ጊዜው መመለስ ካልቻልን ጊዜውን በዕቃ መልክ ቤታችን እናምጣው ነው። ከዛ ዕቃው እንዳይለወጥ እንጠብቀዋለን። ኦሪጅናል ቀለም፣ ኦሪጅናል ስቲከር፣ ኦሪጅናል ፔዳል። ከዘመኑ ውጪ የተገጠመ አንድ ብሎን እንቅልፍ የሚነሳው ሰው አውቃለሁ።

አስቂኙ ነገር የማውንቴን ባይክ ታሪክ ራሱ ነው። በ1970ዎቹ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን፣ ማሪን ካውንቲ ውስጥ፣ ወጣቶች ማንም የማይፈልጋቸውን አሮጌ ሳይክሎች መሰብሰብ ጀመሩ። ሳይክሎቹ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የተሠሩ፣ ጋዜጣ የሚያድሉ ልጆች ይነዷቸው የነበሩ፣ ወፍራም ጎማ ያላቸው እንደ ሹዊን ያሉ ሳይክሎች ናቸው። ዋጋቸው የውዳቂ ዋጋ ነበር። ልጆቹ ታዲያ አልሰቀሏቸውም። ጭቃ መከላከያውን ነቅለው ጣሉ፣ ከሌላ ሳይክል ፍሬንና ማርሽ ፈትተው ገጠሙ፣ ከተራራው አናት በአቧራ መንገድ ቁልቁል ለቀቋቸው። ፌርፋክስ አጠገብ ያለው አንዱ ቁልቁለት የኋላውን ፍሬን በጣም ከማጋሉ የተነሳ ውስጡ ያለው ግሪስ ይጨስ ነበር፤ ከታች ሲደርሱ እንደገና ግሪስ መሙላት ነው። መንገዱ «ሪፓክ» የተባለው በዚሁ ነው፣ እንደገና መሙላት እንደማለት። ውድድሩ በጥቅምት 1976 ተጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት ጆ ብሪዝ ለዚህ ሥራ ብሎ የመጀመሪያውን ፍሬም በየደ። በ1981 ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ ስታምፕጃምፐርን በብዛት አቀረበ። በ1996 ደግሞ ስፖርቱ አትላንታ ኦሎምፒክ ገባ።

አስቡት እንግዲህ። ዛሬ «ኦሪጅናል ነው» እያልን የምንሳለመው ሳይክል የተወለደው ለኦሪጅናል ደንታ ከሌላቸው ሰዎች ነው። እነዛ ልጆች እንደኛ ሰብሳቢ ቢሆኑ ኖሮ ሹዊኖቹ ዛሬም ቀለማቸው እንዳማረ ግድግዳ ላይ ይኖሩ ነበር፣ ማውንቴን ባይክ የሚባል ነገር ግን ላይኖር ይችል ነበር። አሮጌውን ነገር አክብረውታል ወይስ አበላሽተውታል? እኔ አክብረውታል ባይ ነኝ። ማክበር ማለት ዕቃው የሚችለውን ነገር እንዲያደርግ መፍቀድ ነው።

ደግሞ የተሰቀለ ሳይክል ጊዜን ያቆማል ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ሳይነዳ የተቀመጠ ጎማ ጎን ጎኑን ይሰነጣጠቃል። ኩሽኔታ ውስጥ ያለው ግሪስ ይደርቅና እንደ ሰም ይሆናል። በ1990ዎቹ አንዳንድ የፊት ሹካዎች ውስጥ እንደ ሞላ የሚያገለግል ፕላስቲክ ይገባ ነበር፤ ዛሬ ከፍታችሁ ብታዩት ፍርፋሪ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ተነዳም አልተነዳም። ዕቃ በሥራ ያረጃል፣ በመቀመጥም ያረጃል። ልዩነቱ በሥራ ሲያረጅ አንድ ሰው ተጠቅሞበታል።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፣ ማለፍ የለብኝም። «ሁሉም ሰው አሮጌ ዕቃውን እየነዳ ከጨረሰው ለሚመጣው ትውልድ ምን ይተርፋል?» የሚል። እውነት ነው። የጆ ብሪዝ የመጀመሪያው ሳይክል ዛሬ ዋሽንግተን ውስጥ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ነው፤ እሱን ማንም ጭቃ ላይ ይንዳው አልልም። አንድ ብቻ ያለው ነገር፣ ከጠፋ ዕውቀት ይዞ የሚጠፋ ነገር፣ ጠባቂ ያስፈልገዋል። ግን ሙዚየም የሚጠብቀው ለማን እንደሆነ እንይ። ለማያውቃቸው ሰዎች ነው። ጋራዥ ግን የሚጠብቀው ለባለቤቱ ነው። በፋብሪካ በሺዎች የተመረተን የ1993 ትሬክ ሰቅዬ «ታሪክ እየጠበቅኩ ነው» ብል፣ እውነቱን ለመናገር የምጠብቀው የሳይክሉን ታሪክ ሳይሆን የራሴን ነው። ይሄ ኃጢአት አይደለም። ስሙ ግን ቅርስ ጥበቃ አይደለም።

ባለፈው ጸደይ የእህቴ ልጅ ጋራዥ ገብቶ ትሬኩን ቀና ብሎ አየው። አሥራ አራት ዓመቱ ነው።

«አጎቴ፣ ይሄ ተሰብሯል እንዴ?»

«አልተሰበረም።»

«ታዲያ ለምን ተሰቀለ?»

«አሮጌ ስለሆነ ነው፣ የድሮ ነው።»

«የድሮ ከሆነማ...» አለና ትንሽ አሰበ፤ «ተራዬ መቼ ነው?»

«ተራ» የሚለውን ቃል ከእናቱ ይሆናል የለመደው። እዚህ ሁሉም ልጅ የራሱ ሳይክል ስላለው ቃሉ ብዙ ሥራ የለውም። እኔን ግን መልስ አሳጣኝ። አምስት ሆነን በተከራየነው ሳይክል ዘመን «ተራዬ መቼ ነው?» የሚል ልጅ መልስ ያገኝ ነበር፤ ሕጉ ይሄ ነበር፣ ሌላ ሕግ አልነበረንም። ያን ዘመን ለማስታወስ ብዬ የገዛሁት ዕቃ ላይ ተራ የለም ብል፣ ምኑን ነው እያስታወስኩ ያለሁት?

አዲስ ጎማና ካላማዳሪያ ገጠምን፣ የፍሬኑን ሽቦ ቀየርን። ፓታፕስኮ የሚባለው ፓርክ ወሰድኩት። ጫካ ውስጥ ሥርና ድንጋይ የበዛበት መንገድ ነው፤ የፊቱ ሹካ ሞላ ስለሌለው ድንጋዩን ሁሉ በክንዱ ቆጠረው። አንዴ ወደቀ። ተነስቶ ሳቀ። ሳይክሉ ላይ ግን ወደ ሠላሳ ዓመት ሳይነካ የኖረው ቀለም አንድ ጣት ያህል ተፋቀ። ለአንድ ሰብሳቢ ወዳጄ ፎቶውን ስልክለት «ዋጋውን ግማሽ አወረድከው» አለኝ። ገበያውን ያውቃል፣ አልተከራከርኩትም። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ያ ጭረት የልጁ ነው። ከዛ ቀን በፊት ሳይክሉ ላይ የነበረው ትዝታ ሁሉ የኔ ብቻ ነበር፤ አሁን የሌላ ሰውም ተጨመረበት።

በኛ ቋንቋ «ትዝታ» የሚለው ቃል ከኖስታልጂያ የሚለይበት ነገር ያለ ይመስለኛል። ትዝታ የስሜቱ ስም ነው፣ የዘፈኑ ስም ነው፣ የቅኝቱም ስም ነው፤ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ አንዱ። ትዝታን ያልተጫወተ ዘፋኝ ጥቂት ነው፣ ሁሉም ግን የራሱን ስንኝ ያስገባበታል። ኦሪጅናሉ ትዝታ የቱ ነው ብሎ የሚጨነቅ ሰው አላጋጠመኝም። ዜማው እዚህ የደረሰው ስለተቆለፈበት ሳይሆን ከአፍ ወደ አፍ ተራ እየተሰጠው ስለመጣ ነው። ሐዘኑም አልቀነሰም። እንዲያውም የሚያስለቅሰው አዲስ ሰው አዲስ ስንኝ ሲጨምርበት ነው።

«ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይባላል። ትናንትን ከቆጥ ላይ ለማውረድ ስንንጠራራ በእጃችን ያለው ሰው እንዳይወድቅብን ነው የምፈራው። ይሄ የሳይክል ጉዳይ ብቻ አይደለም። የድሮ ካሴት ያላችሁ፣ የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ሳጥኑን ሳትቀዱ የገዛችሁ፣ የሃይስኩል ሹራባችሁን አጥፋችሁ ያስቀመጣችሁ ሁሉ ያው ናችሁ። አስቀምጡ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ዕቃ መውደድ ነውር አይደለም፤ እኔም ሦስቱን ሳይክሎች አልሸጥኩም፣ አራተኛም አይኔ ገብቷል። ግን አንድ ሰው መጥቶ «ልሞክረው?» ሲላችሁ የምትሰጡትን መልስ አድምጡት። መልሱ «አይሆንም» ከሆነ፣ ያስቀመጣችሁት ትዝታ መሆኑ ቀርቶ ንብረት ብቻ ሆኗል ማለት ነው።

እኔ ለራሴ ያወጣሁት ደንብ ትንሽ ነው፤ ግድግዳዬ ላይ የሚሰቀል ሳይክል ጎማው የተነፋ መሆን አለበት። መንፊያው በሩ አጠገብ ነው፣ የልጁ እጅ የሚደርስበት ቦታ። ኮርቻው ደግሞ አሁን በሱ ቁመት ልክ ዝቅ ብሏል፤ እኔ ልነዳው ስፈልግ ከፍ አደርገዋለሁ፣ ስጨርስ እመልሰዋለሁ።