ያልተጠየቀ ሻጭ

ለመሆኑ አንድ ሻጭ ያልተጠየቀውን የመናገር ግዴታ አለበትን? ጥያቄው ሲሰሙት የክርክር ክበብ ጨዋታ ይመስላል። እኔን የገጠመኝ ግን በአንዲት አሮጌ የካሜራ ቦርሳ ምክንያት ነው።

ቦርሳዋን አዲስ አበባ ላይ ካንድ ያገለገለ ዕቃ ነጋዴ በ2,500 ብር ገዛኋት። ውጭዋ ንጹሕ፣ ዚፗ የማይነክስ፣ ማንገቻዋ ጠንካራ ነበር። ጎንደር ይዣት መጥቼ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሲወርድ ግን ከውስጧ የምድር ቤት ሽታ ይወጣ ጀመር። ገበሩን ገለጥ ባደርገው ስፖንጁ ሥር ሻጋታ አድሮበታል። የካሜራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እርጥበት በያዘ ቦርሳ ውስጥ የከረመ ሌንስ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ክር ያበቅላል፤ ሻጋታው የሚያወጣው አሲድም የመስተዋቱን ልባስ ይበላል። አንዴ ከተበላ ቢወለውሉት አይመለስም። የእኔም ሌንስ ጠርዙ ላይ ጀምሮት ነበር።

ታኅሣሥ ሲገባ ገንዘብ ቸገረኝና ቦርሳዋን ልሸጥ ተነሣሁ። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ጥር 11 ደግሞ በፋሲለደስ መዋኛ ጥምቀት አለ። የጎንደር ፎቶ አንሺ የዓመት ጉርሱን የሚለቅመው ያን ጊዜ ነው። የአብዛኛው ሀብት አንድ ካሜራና አንድ ሌንስ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በክልላችን ውስጥ ግጭት ተጀመረ። እንግዳ በራቀባቸው በነዚያ ዓመታት ፋሲል ግቢ በር ላይ ቆሞ የሚያነሣ ሰው ምን በልቶ እንዳደረ እሱና ቤተሰቡ ያውቃሉ። በዚያ ላይ ሰው ሁሉ በየስልኩ ፎቶ አንሺ ሆኗል።

የመጀመሪያው ገዥ ፒያሳ ያገኘሁት ወጣት ነበር። እኔ ደግሞ ቦርሳዋን ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ ሽታዋን አጥፍቼ፣ ገበሩንም መልሼ ሰፍቼ ነው የሄድኩት። ዚፑን ከፈተ፣ ዘጋ፤ ትከሻው ላይ ሰቀለና «መጨረሻውን ንገረኝ» አለ። «ሁለት ሺህ» አልኩት። ስለ ውስጧ አልጠየቀም፤ እኔም ትንፍሽ አላልኩም። ቅዳሜ ገንዘብ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ሄደ፤ ሳይመጣ ቀረ። ኋላ ሳገኘው ባለ ሠርጎቹ ሂሳቡን አልከፈሉትም ኖሯል።

እስከ ቅዳሜ ድረስ በልቤ ራሴን ስከላከል ነው የሰነበትኩት። መከላከያዎቼ ሦስት ነበሩ። አንደኛ፣ አልዋሸሁም። ሁለተኛ፣ ሰውዬው ባለሙያ ነው፤ ዓይን ያለው ይመልከት። ሦስተኛ፣ ለእኔስ ማን ነገረኝ?

የመጀመሪያው መከላከያ ጥንታዊ ነው። ሮማዊው ሲሴሮ በ44 ዓመተ ዓለም ለልጁ በጻፈው የግዴታ መጽሐፍ ውስጥ ስለ አንድ ቤት ሻጭ ያነሣል። ቤቱ በሽታ ያለበት፣ እባብ የሚገባበት፣ እንጨቱ የበሰበሰ ነው፤ ይህን የሚያውቀው ግን ባለቤቱ ብቻ ነው። ዲዮጋን የተባለው ፈላስፋ አለመናገርና መደበቅ ይለያያሉ፤ ግዛ ብሎ ያስገደደው የለም ሲል ይከራከራል። አንቲጳጥሮስ ግን ገዥው በስሕተት ሲወድቅ እያዩ መተው መንገድ ለጠፋው ሰው መንገዱን ካለማሳየት የከፋ ነው ይላል። ሲሴሮ የፈረደው ለአንቲጳጥሮስ ነው። እኔ ዘንድ ግን ነገሩ ዲዮጋንም የሚከላከልልኝ አልነበረም፤ ገበሩን መልሶ የሰፋ እጅ ዝም አላለም፤ ተናግሯል። የተናገረውም ውሸት ነው።

ሁለተኛውን መከላከያ ደባርቅ የከብት ገበያ ያየ ሰው ያውቀዋል። በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን ፈልቅቆ ያያል፣ ጫንቃውን ይዳብሳል፣ ያስኬደዋል፣ ያርሳል ወይ፣ ይዋጋል ወይ ብሎ ያስምላል። እዚያ ገዥና ሻጭ የሚያውቁት ከሞላ ጎደል እኩል ነው። ተሰፍቶ የተዘጋ ስፖንጅ ግን ጥርስ የለውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ቢሆን የሸጡት ዕቃ ጉድለት እንደሌለበት ዋስትናውን የጣለው በሻጩ ላይ ነው።

ያስቸገረኝ ሦስተኛው ነው። የተታለለ ሰው ጉዳቱን ለሚቀጥለው ቢያሳልፍ ምን አለበት? ሁላችንም ሐሰተኛ ብር ሲደርሰን የምንፈተነው በዚህ ነው። ይሁንና ዕዳው ያለብኝ ነጋዴ አዲስ አበባ ነው፤ የማስከፍለው ግን ፒያሳ የቆመውን ወጣት ነው። ይህ ዕዳ ማስመለስ ሳይሆን አዲስ ሰው መዝረፍ ነው። ከጎንደር በስተ ደቡብ፣ እንፍራዝ ላይ በ1667 እ.ኤ.አ. እንደተጻፈ የሚነገርለት የዘርአ ያዕቆብ ሐተታ (ጸሐፊው ማን እንደሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ቢከራከሩበትም) የሰው ልቡና ራሱ በራስህ ላይ እንዲደረግ የማትሻውን በሌላው ላይ አታድርግ እንደሚል ያስተምራል። ልብ በሉ፤ የሚለው የተደረገብህን አድርግ አይደለም።

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። ገበያ ላይ ግን የማን ወርቅ? ገዥው ከኪሱ የሚያወጣው ብር ብቻ አይደለም፤ ፍርዱንም ነው። ዋጋ ስምምነት የሚሆነው ሁለቱም አንድ ዕቃ ሲያዩ ነው። እኔ ሻጋታ እያየሁ እሱ ንጹሕ ቦርሳ ካየ፣ የተጨባበጥነው በሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ላይ ነው።

በሳምንቱ ቦርሳዋን የወሰድኩት ፊልም በጨለማ ክፍል ከሚታጠብበት ዘመን ጀምሮ በሙያው ለኖሩ አንድ አዛውንት ነው። ስፌቱን ፈትቼ አሳየኋቸው። «ጋሼ፣ ሌንስ አያስቀምጡባት፤ የእኔን አበላሽታብኛለች» አልኳቸው። አሸተቱና ሳቁ። «ልጄ፣ ስፖንጁን አውጥቼ እጥለዋለሁ። ለመብራት ማቆሚያውና ለገመዱ ትሆነኛለች» ብለው 900 ብር ቆጠሩልኝ። እውነቱን ሲያውቁ እኔ ያላሰብኩትን ጥቅም አገኙላት።

1,600 ብር ከሰርኩ፤ የዚያን ወር የቤት ኪራይም ተበድሬ ከፈልኩ። ይህን የጻፍኩት ግን ጨዋነቴን ላስመሰክር አይደለም። ያንን ወጣት ከእኔ ያዳነው ኅሊናዬ አልነበረም፤ ያን ቅዳሜ ኪሱ ባዶ መሆኑ ነው። ገንዘቡን ይዞ ቢመጣ ኖሮ እሸጥለት ነበር፤ ዛሬ ይህን ጽሑፍ የምጽፍም አይመስለኝም። ታዲያ የክፋት ዕድል ያመለጠው ሰው ደግ ነው ሊባል ይችላል? እኔ አይባልም እላለሁ። ውድ አንባቢ፣ አንተስ፣ አንቺስ ምን ትላላችሁ?